የቀረው ግድግዳ

«ቁጭ በይ እንጂ ለቴ። እንግዳውን እኛ እንቀበላለን።»

ለተጊዮርጊስ ቁጭ አለች። ጎረቤቷ እታገኝ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስትላት ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም። የሐዘንተኛ ወጉ ፍራሽ ላይ መቀመጥ ነው። ውሃ ሲያቀርቡላት ትጠጣለች፣ ሲያለቅሱላት ታለቅሳለች፣ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። ለተጊዮርጊስ ግን መቀመጥ የሚባል ነገር ከልጅነቷም አይሆንላትም። እንጦጦ ማርያም ሥር ሲያሳድጓት እናቷ «የዚች ልጅ መቀመጫ ላይ እሾህ አለ» ይሉ ነበር። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ደግሞ እሾሁ ብሶበታል። ትነሳለች፣ የተጣመመ ምንጣፍ ታቃናለች፣ ባዶ ሲኒ ታነሳለች፣ ሲኒውን ይቀሟታል፣ ትቀመጣለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ይሄድና መልሳ ትነሳለች።

ከክፍሉ አራት ግድግዳ ሦስቱ ቢጫ ቺፑድ ለብሰዋል። አዲስ ናቸው፤ የእንጨትና የሙጫ ሽታቸው ገና አልወጣም። አራተኛው፣ በእንጦጦ በኩል ያለው፣ ከወለል እስከ ጣራ የሚያብለጨልጭ ነጭ የሸክላ ማቶኔላ እንደለበሰ ቀርቷል። ባሏ በዳዳ አራቱንም በገዛ እጁ ለጥፎ፣ በገዛ እጁ ሲነቅላቸው ከርሞ፣ አራተኛው ላይ ሳይደርስ ሞተ። ለአራተኛው የተገዛው ቺፑድ ደጅ፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ቆሟል፤ ለቀስተኛ ወንዶች ጀርባቸውን ያሳርፉበታል።

ማቶኔላው ሥር የተቀመጠችው የበዳዳ ታላቅ እህት ዲንቄ ናት። ከካራ የመጣች ዕለት ሰው ሁሉ ቺፑዱን ተደግፎ ሲቀመጥ፣ እሷ ፍራሿን ጎትታ ወደዚያ ወሰደች።

«እኔ የምደገፈው የወንድሜን እጅ ነው» አለች። የተናገረችው ለማንም አልነበረም፤ የሰማው ግን ሁሉም ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታዋን አልለወጠችም። «በዳዳ፣ ኦቦሌሳ ኮ» እያለች ወንድሟን በኦሮምኛ ታለቅሳለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ከዚያ ወደ እታገኝ ዘንበል ትላለች። እታገኝ ከማንም ጋር መጣላት የማትወድ ሴት ናት፤ ስለዚህም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐሜቱን የሚያስቀምጠው እሷ ዘንድ ነው።

«ልጅ አልተወ» አለቻት ዲንቄ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የተወው ይሄን ግድግዳ ነው። እሱንም በጭቅጭቅ አስነቀለችው። ሳንባውን የበላው አቧራው አይደል?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች እታገኝ።

ለተጊዮርጊስ ሰማች። ሹክሹክታ ለተባለለት ሰው ሳይደርስ አይቀርም። የነገሩ መጥፎነት ደግሞ ውሸት ነው ብላ የምትነሳበት አልነበረም። ጨቅጭቃዋለች። አቧራውም አቧራ ነው፤ ሲያስለው በጆሮዋ ሰምታለች። ተነሳች።

«ለቴ» አለች እታገኝ።

ተቀመጠች።

በዳዳ ያገባት ጣልያን በወጣ ሰሞን ነው። አገሩን ጥሎ ያልሄደ አንድ ጣልያናዊ ኮንትራክተር ዘንድ ማቶኔላ ለጣፊ ነበር፤ የሀብታም መታጠቢያ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት፣ የሥጋ ቤት ግድግዳ ያለብሳል። ከየሥራው የተረፈውን አሠሪው ውሰድ ሲለው፣ ጆንያ ሙሉ ተሸክሞ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ይወጣል። ያች ጭቃ ቤት ለሙሽራው ቤተ መንግሥት ልትሆን ነው። በጭቃው ላይ ሽቦ መታበት፣ በሽቦው ላይ ሲሚንቶ ለሰነበት፣ በሲሚንቶው ላይ ማቶኔላውን አንድ በአንድ ደረደረ።

«ነይ አግዢኝ» አላት አንድ ቀን። «መዳፍሽን እዚህ ላይ አድርጊ። እስኪነክስ አትልቀቂ።»

«ምኑ ነው የሚነክሰው?»

«ሲሚንቶው። ካልያዝሽው ይንሸራተታል።»

መዳፏን ለጠፈች። ማቶኔላው ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ ቆመች። ደጅ ዶሮ ጮኸ። ዶሮዎቹ የተሰጣ ጥሬ ላይ ወጥተው ይሆን ብላ ዘወር አለች፤ እጇም አብሯት ዘወር አለ። ስትመለስ ማቶኔላዋ ተንሸራታ፣ አንድ ጥግዋ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጠማማ ሆና ተቀምጣለች። በዳዳ ውሃ ልክ ሳይዝ ምስማር የማይመታ ሰው ነው። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንቺ ሴት፣ ዶሮ እስኪጮህ እንኳ አትቆሚም» አላት።

ጠማማዋን አላቃናትም። በኋላ የሙያ ጓደኞቹ እየመጡ «አንተ በዳዳ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ብለው ሲያላግጡበት፣ «እሷ የባለቤቴ ሥራ ናት፣ አትንኳት» ይላቸው ነበር።

ሰፈሩ ያን ቤት ለማየት ይጎርፍ ነበር። ግድግዳው መልክ ያሳያል፤ ሴቶች እየመጡ ሻሻቸውን አስተካክለውበታል። ከዚያ ኅዳር ገባ። የእንጦጦ ውርጭ ሲወርድ ማቶኔላው እንደ ሰው ፊት ያልበው ጀመር፤ ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ጉልበት ይቆረጥማል። ሻሻቸውን ያስተካከሉት ሴቶች ራሳቸው ቤቱን «ሆስፒታሉ» ብለው ስም አወጡለት። ለተጊዮርጊስም መጨቅጨቅ የጀመረችው ያኔ ነው። «ይሄን የበረዶ ድንጋይ አንሳልኝ» ትለዋለች። «ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል፣ ለከርሞ…» ብሎ ያልፋታል። በዓመቱ ትደግመዋለች። በዓመቱ ያልፋታል።

ያቆመችው በታኅሣሡ ግርግር ነው። ተኩሱ እዚያ ድረስ ሲሰማ፣ ሁለቱ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ በዳዳ ማቶኔላውን በጣቱ ቆርቆር አደረገና «ይኸው፣ ጥይት አይበሳውም» አላት። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ስለ ግድግዳው የመናገር ልብ አጣች። ብርዱን ለመደችው፣ ወይም እንደለመደችው ሆነች።

ይህን ዲንቄ አታውቅም። ንገሪያት ቢሏትስ ከየት ትጀምረዋለች?

ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ በዳዳ በጋሪ ቺፑድ አስጭኖ መጣ።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ለኅዳር ሚካኤል አራቱም ግድግዳ ይሞቅልሻል። እንደ ሰው ቤት።»

«አሁን ማን ጠየቀህ?»

«አንቺ ነሻ። ከሙሽርነትሽ ጀምሮ።»

«እና ዛሬ ነው የተሰማህ?»

«የእኔ ጆሮ ደንዳና ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው» አለና መሮውን መሳል ጀመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን በመዶሻ እያነከተ ባንድ ቀን ይጨርሰዋል። በዳዳ ግን በቀጭን መሮ መጋጠሚያውን እየሰነጠቀ፣ ውሃ እያጠጣ፣ አንድ ረድፍ ማቶኔላ ሳይሰብር ለማንሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከማቶኔላው ኋላ ሲያይ፣ ሲጎረጉር፣ እንጨት ሲቆርጥ ይውላል። ወደ ሥራም አይሄድም፤ «ሥራ ቀዝቅዟል» ነው የሚላት። ሲያስለው ውጭ ወጥቶ ነው የሚያስለው። እሷ ደግሞ ዙሪያውን ትሽከረከራለች፤ አቧራው፣ መዘግየቱ፣ የዕቃው መዝረክረክ አቃጥሏታል።

«በመዶሻ በለዋ። ወይም አንድ የቀን ሠራተኛ አምጣ። ምን ያንከላውስሃል?»

«ከእኔ ሌላ ማን ይነቅልልሻል?» አላት እየሳቀ።

ጉራ መሰላት። ወንድ ልጅና ሙያው! «ኧረ ተወኝ» ብላው ወጣች። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ የመጨረሻውን ቺፑድ የመታ ዕለት ማታ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለ። ጋደም እንዳለ ቀረ።

አሁን ሰባቱ ከኅዳር ሚካኤል ጋር ገጠመ። ነገ ነው። በቀደም ሰልስቱን በጸሎት አሳልፈዋል፤ ለሰባቱ ደግሞ ሴቶቹ ከጓሮ ንፍሮ ያጥባሉ፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ከእነሱ መሃል የበዳዳ አብሮ አደግና የሙያ ጓደኛ ፉፋ አለ። ለተጊዮርጊስ ትናንት ጠርታ ለምናው ነበር።

«ይቺን አንዷን ጨርስልኝ። ለሚካኤል ብሎኝ ነበር።»

ፉፋ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። «ሐዘን ቤት መዶሻ ይሰማል እንዴ? ከሰባቱ በፊት ነውር ነው።»

«ከሰባቱ በኋላማ ሚካኤል ያልፋል።»

«ዲንቄስ?»

ዲንቄ ከማቶኔላው ሥር ሆና መለሰችለት። «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ግድግዳ የሚነካ የለም።» ፉፋ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

እንግዲህ የሞተ ሰው ቃል እንደዚያ ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ ለሌላው ሰው ቃል ብቻ ነው፤ ለለተጊዮርጊስ ግን ደረቷ ውስጥ የሚመላለስ ነገር ሆነባት። ሚካኤል ይመጣል፣ እንግዳ ይሞላል፣ ያ ነጭ ግድግዳ አፍጥጦ «አልጨረሰውም፣ ያንቺ ጭቅጭቅ አስጀምሮት አልጨረሰውም» ይላል። አገልግሉን ከፈተችና ዘጋችው። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ደግማ አዘቀዘቀችው። ዲንቄ «ፀሐይ ትንካኝ» ብላ ወጣች። ሰሞኑን ፀሐይ ስትወድ፣ ወገቧንም ይዛ ስትነሳ ሰው ልብ አላለውም። ክፍሉ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ።

ለተጊዮርጊስ ከአልጋው ሥር የበዳዳን መዶሻና መሮ አወጣች።

ከየት እንደምትጀምር ማሰብ አላስፈለጋትም። መሮ የሚይዝላት የወጣ ጥግ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ያች ጠማማ። መሮውን ሥሯ አስገብታ መታች። ደግማ መታች።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ጓሮ የነበረው የውሃ ድምፅም ቀጥ አለ። በሐዘን ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መዶሻ ይሰማል። እሷ ብቻ አልሰማችውም። በሦስተኛው ምት ጠማማዋ ማቶኔላ ወለቀችና እቅፏ ውስጥ ወደቀች፤ ጭቃውም አብሯት መጣ። ክንድ የሚያህል ጭቃ፣ ገለባው፣ ሽቦው፣ ዱቄት የሆነ እንጨት ተግተልትሎ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የእንጦጦ ነፋስ በቀዳዳው ገብቶ ፊቷን መታት። በቀዳዳው ውስጥ ባሕር ዛፍ ይታያል።

ቀና ስትል በሩ በሰው ተሞልቷል። ዲንቄ ከፊት ናት።

«ሦስቱ አልበቃሽም?» አለች ዲንቄ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ለሚካኤል ብሎኝ ነበር» አለች ለተጊዮርጊስ። መዶሻው እጇ ላይ ነው። «ቃሉ እንዳይቀርበት ብዬ ነው እትዬ ዲንቄ። እርስዎ የሚሉኝን ሰምቻለሁ። ይበሉኝ። ግን ቃሉ አይቅርበት።»

ፉፋ ሰዉን ገፍቶ ገባ። ቀዳዳው ፊት ጎንበስ አለና እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። የጨበጠውን አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋው፤ ማገር የነበረ፣ አሁን ምስጥ የጨረሰው ዱቄት ነው።

«መዶሻውን አምጪ» አላት። «ሌላ ብትነኪ ሙሉው ግድግዳ ላይሽ ላይ ይመጣል። ማገሩ አልቋል። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ማቶኔላው ነው።»

«ሦስቱንስ ነቅሏቸው የለም ወይ?»

«ሦስቱን ማቶኔላውን እያነሳ፣ ከሥሩ ማገሩን እየለወጠ ነው ያለበሳቸው። ስንጥር በስንጥር። ሽቦውን የት እንደመታ፣ ምስማሩን የት እንደቀበረ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ አልደፍረውም። በዚህ ከተማ የሚደፍረው የለም።»

ለተጊዮርጊስ መዶሻውን ሰጠችው። «ከእኔ ሌላ ማን ይነቅልልሻል» አለች ለራሷ።

ፉፋ ቀና ብሎ አያት። «ነግሮሽ ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

ፉፋ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወሬው መንገድ ላይ አምልጦት መመለሻ ያጣ ሰው መሰለ። «ሐኪሙ ያለውን። ከመስቀል በፊት ነው። ሳንባህ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ከአቧራ ራቅ፣ ብትርቅም ብዙ አይደለም አለው። ከዚያ እንደወጣን ቀጥታ ቺፑድ ሊገዛ ሄደ። አብደሃል ወይ ብዬው ነበር። "ብርቅ ባልርቅ ያው ነው። እሷ ግን ከእኔ በኋላ በዚያ ብርድ ውስጥ ብቻዋን አትቀርም" አለኝ። እንዳልነግርሽ አስማለኝ።»

የዲንቄ ሐሜት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ አቧራው ገድሎታል፤ ለለተጊዮርጊስም ሲል ነው። ነገር ግን እውነቱ ዲንቄ ባወራችው በኩል አልነበረም የመጣው። ለተጊዮርጊስ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያለቀሰችው ወግ ሆኖባት፣ ሰው ሲያለቅስ ነበር። አሁን ጭቃው ላይ ተቀምጣ፣ ጠማማዋን ማቶኔላ ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ድምፅ የሌለው ረጅም ለቅሶ አለቀሰች። ተቆጣችውም። ምነው አልነገርከኝ፣ «ኧረ ተወኝ» ብዬህ ስወጣ ምነው አልጠራኸኝ እያለች።

ዲንቄ የለበሰችውን ጋቢ አወለቀችና ጠቅልላ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈችው። ነፋሱ ቆመ። ወገቧን ይዛ ከለተጊዮርጊስ አጠገብ ዝቅ አለች።

«ከመጣሁ ጀምሮ ጀርባዬን ቆርጦ ጣለኝ» አለች። «በእልህ ነው የተቀመጥኩት። ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?»

«እኔ መች ቻልኩት» አለች ለተጊዮርጊስ። «በግድግዳው በኩል የሚተኛው እሱ ነበር።»

ዲንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስሙን ሳትጠራ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

በማግስቱ ኅዳር ሲታጠን ነበር። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ ከቀበና እስከ ኮተቤ ያለው ሰማይ በጢስ ታፍኗል። ሰዉ ለሚካኤል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ፉፋ ባልዲ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ቀዳዳውን ማምሻውን በድንጋይና በጭቃ ደፍኖት ነበር፤ አሁን የሚቀረው ፊቱ ነው። ዲንቄ ውሃ ታቀርብለታለች። ነውሩ ትናንት ስላለፈ ዛሬ ማንም ስለ ነውር አላነሳም።

ፉፋ ሲሚንቶውን ቀባ። ጥግዋ የተሸረፈችውን ማቶኔላ ከለተጊዮርጊስ እጅ ተቀብሎ ቦታዋ አስቀመጣትና ውሃ ልኩን ከላይዋ ጣል አደረገ።

«ላቃናት? አሁን እኮ ቀጥ ትላለች።»

«አይ። እንደነበረች።»

ፉፋ ጎኗን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አጣመማት። «በይ እንግዲህ፣ እስኪነክስ መያዝ አለባት» ብሎ ክንዱን ሊዘረጋ ሲል፣ የለተጊዮርጊስ መዳፍ ቀድሞታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መመለስ ጀመረ። ለሰባቱ የመጣው እንግዳ ጢስ ጢስ እየሸተተ፣ እየሳለ፣ ነፍሱን ይማረው እያለ ገባ። ፍራሹ ላይ ሐዘንተኛዋ የለችም፤ ግድግዳው ላይ እጇን ለጥፋ ቆማለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ደጅ ዶሮ ጮኸ፤ አልዞረችም።

«ለቴ» አለች እታገኝ፣ «ቁጭ በይ እንጂ እናቴ።»

«ተያት» አለች ዲንቄ። «ይዛ ነው።»

ቅዝቃዜው ከመዳፏ ተነስቶ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ትከሻዋ ወጣ። ክንዷ ደነዘዘ። ፉፋ ከኋላዋ መጥቶ «በቃ፣ ነክሷል፣ ልቀቂው» አላት። ለተጊዮርጊስ ሰምታዋለች። እጇን ግን አላነሳችም።